ዝነኛና ባለሀብት ለትዳር ለምታገናኙ፦ እባካችሁ እነዚህን ስህተቶች ተዉ

ሰሜን ሸዋ ላይ ገንዘብ ያለው ሰው በዝቷል። ደብረ ብርሃን ላይ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ፣ ቢራ ፋብሪካው አለ፣ በለሚ በኩል ሲሚንቶው ተነስቷል፣ መንገድ ዳር ደግሞ ሆቴል እንደ ጉድ ይሠራል። ከዚህ ወጥቶ አዲስ አበባ ላይ የታወቀ ዘፋኝና ኳስ ተጫዋች አለ። ሜሪላንድ ነዳጅ ማደያ ያለውም አለ። ይሄ ሁሉ ሰው የትም ይኑር የት፣ ሊያገባ ሲል ወደ አገሩ ይዞራል። "የመንዝ ልጅ ፈልጉልኝ" ይላል። "ከምንጃር፣ ከጨዋ ቤት" ይላል። ድሮ ይሄን አክስት ትጨርሰው ነበር። አሁን ባለሀብቱ የአክስቱን ስልክ አያነሳም፣ እኛን አገናኞቹን ይቀጥራል።

ሥራው ውስጥ አዲስ የሚገቡ ልጆች ሲበዙ እያየሁ ነው። ስህተታቸው ይለያያል፣ ምንጩ ግን አንድ ነው። የሚከፍለው ሰው ብቻ አለቃቸው ይመስላቸዋል። ብሩ የሚመጣው ከአንድ ቤት ነው፣ ቃላችሁ የሚገባው ግን ለሁለት ቤት ነው። እኛ አገር ለትዳር መካከል የገባ ሰው ዋስ ነው፤ ነገ ሲጣሉ "ማን አመጣብን?" ተብሎ የሚጠራው እናንተ ናችሁ፣ የኳስ ተጫዋቹ ማናጀር አይደለም።

ዝናውን አይቶ ጥያቄ መርሳት

ሰውየውን በቴሌቪዥን ስታዩት ኖራችኋል። ዛሬ ፊታችሁ ቁጭ ብሎ ማኪያቶ ያማስላል። አብዛኛው ሰው እዚህ ጋ ይፈዛል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ዋናውን ነገር ሳይጠይቅ ይለያያል።

ጠይቁ። አግብተህ ታውቃለህ? ፍቺው በፍርድ ቤት አልቋል? ወረቀቱን ላየው እችላለሁ? ልጅ አለህ፣ እናትየዋስ የት ናት? ዕዳ አለብህ? ባለሀብት ሲባል ዕዳ የሌለበት የሚመስለው ሰው አለ፤ ብዙ ጊዜ ግን ቪላውም መኪናውም የባንክ ነው። በዚህ ጥያቄ የሚቆጣ ደንበኛ ነገ የልጅቷ አጎት ሲጠይቀው ምን ሊሆን ነው?

"ያላገባ ማስረጃ አውጥቻለሁ" ይሏችኋል። ጥሩ ነው፣ ያዙት፣ ግን አትተኙበት። ጋብቻ በሕጋችን በሦስት መንገድ ይፈጸማል፦ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት፣ በባህል። ሦስቱም ጋብቻ ናቸው። ማስረጃው የሚነግራችሁ የተመዘገበውን ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያን ቆርቦ፣ ወይ አገር ቤት በሽማግሌ አግብቶ ሳያስመዘግብ የቀረ ሰው ወረቀቱ ንጹህ ሆኖ ይወጣለታል። በጋብቻ ላይ ጋብቻ ደግሞ ወንጀል ነው፣ የእናንተም ስም አብሮ ይነሳል።

እኔ የምሄደው የንስሐ አባቱ ጋ ነው። ኑዛዜ እንዲነግሩኝ አይደለም፣ እሱ ነውር ነው፣ አይነግሩኝምም። "አባ፣ ይሄን ልጅ ብናጋባው ይባርኩልናል?" ብዬ ነው የምጠይቃቸው። "እሰየው፣ በደስታ" ካሉ ጥሩ። ጺማቸውን እየዳሰሱ ስለ ዝናብ ማውራት ከጀመሩ መልሱ ገብቶኛል።

በምን እንደሚያገባ ሳያጣሩ በር ማንኳኳት

የልጅቷ ቤተሰብ መጀመሪያ ከሚጠይቁት አንዱ "በቁርባን ነው በሰማንያ?" የሚል ነው። ዝነኞች ይሄን እንደ ዝርዝር ነገር ያዩታል። ዝርዝር አይደለም። ሰማንያ ይፈርሳል፣ ቁርባን እንዲህ በቀላሉ የሚፈታ አይደለም። ስለዚህ "ቁርባን" ያለ ሰው ምን እያለ እንደሆነ ማወቅ አለበት።

ሌላው የተክሊል ነገር ነው። ደንበኛው ካባውንና አክሊሉን በፎቶ አይቷል፣ ለሰርጉ ይፈልገዋል። ተክሊል ግን ለድንግላን ነው። ትዳር አይቶ የመጣ ሰው በቁርባን ብቻ ሊያገባ ይችላል፣ እሱንም የሚወስነው ካህኑ ነው እንጂ ዲኮር የሚሠራው ድርጅት አይደለም። ይሄን ሰርጉ ሊደርስ ሲል የሚሰማ ዝነኛ ብስጭቱን የሚያወርደው እናንተ ላይ ነው። የሚያፍር ካለ ደግሞ ንገሩት፦ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ከጣይቱ ጋር በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ አንኮበር መድኃኔዓለም ሲጋቡ በቁርባን ነበር፣ ሁለቱም ከዚያ በፊት ትዳር አይተው ነው የመጡት። ለንጉሥ ያላነሰ ለዘፋኝ አያንስም።

ዘር ሳይቆጠር ስልክ ማቀባበል

ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰው የሚጎዳበት እዚህ ነው።

እኛ ጋ ሰባት ቤት ይቆጠራል። የመንዝ ሰው ዘር መቁጠር የለመደው ለሰርግ ብቻ ብሎ አይደለም። እስከ 1967 የመሬት አዋጅ ድረስ ርስት የሚገኘው በአያት በቅድመ አያት ስም ነበር፣ ዘሩን ያልቆጠረ ሰው መሬት ሊከራከር አይችልም። ስለዚህ ዛሬም ሰማንያ ዓመት የሞላቸው እናት ከመዝገብ በላይ ያውቃሉ። ችግሩ ያለው ቦሌ ያደገው ደንበኛችን ጋ ነው። የአያቱን ስም ካወቀ ጎበዝ ነው።

አንድ ጊዜ ሁለት ልጆች በሌላ አገናኝ ተዋውቀው፣ ስልክ ተለዋውጠው፣ በደንብ ተዋደው፣ ቀለበት ሊገዛ ሲል እኔ ተጠራሁ። እሱ ስሙ የተጠራ የቢዝነስ ሰው። እሷ የመሐል ሜዳ ልጅ። ሴት አያቷ ጋ ሄድን። ቡናው እየተቆላ ጣታቸውን እያጠፉ ጀመሩ። አባቱ እገሌ፣ አንድ ጣት። አያቱ እገሌ፣ ሁለት። ቅድመ አያቱንስ? ልጁ አያውቅም። አሜሪካ ላለ አጎቱ ተደወለ፣ እዚያ ሌሊት ነበር፣ በእንቅልፍ ድምፅ ስም ነገረን። ሦስተኛው ጣት ታጠፈና በዚያው ቀረ። "የሞላሌው?" አሉ እማማ። "እሱማ የእናቴ ወንድም ነው።" ቡናው አርሮ ነበር፣ ማንም አላየውም።

በከተማ ሰው ዓይን ይሄ ሩቅ ዝምድና ነው። በዚያ ቤት ግን ነገሩ አለቀ። የልጁ ገንዘብም፣ የልጅቷ ልቅሶም አልመለሰውም። ሁለት ሰው ተዋዶ ከመለያየት በፊት መቁጠር ግማሽ ቀን አይፈጅም።

የሥጋውን ቆጥራችሁ የክርስትናውን አትርሱ። አባቷ የሱ የክርስትና አባት ሆነው የሚገኙበት ጊዜ አለ፣ እሱም አያጋባም። ለሙስሊም ደንበኛ፣ ሸዋ ሮቢትም ይሁን አርጎባ፣ ቆጠራው ሌላ ነው። እዚያ ቀድማችሁ የምትጠይቁት ወሊዋ፣ ማለትም የሚድራት ኃላፊ፣ ማን እንደሆነ ነው፤ መህሩም፣ ወንዱ ለሙሽራዋ የሚሰጠው፣ ከመጀመሪያው በግልጽ ይነገር።

ስሙን በቴሌግራም መበተን

"አንድ ታዋቂ ዘፋኝ የሰላ ድንጋይ ልጅ እየፈለገ ነው" ብላችሁ ለአንድ ሰው ላካችሁ እንበል። ጠዋት ጠባሴ የተነገረ ከሰዓት አረርቲ ይደርሳል። በማግስቱ የማታውቋቸው ሰዎች የእህታቸውን ፎቶ ይልኩላችኋል። የዘፋኙ ስም ጠፋ፣ የእናንተም።

ግን የእሱ ስም ብቻ አይደለም። የልጃገረዶች ፎቶ ስልካችሁ ላይ አለ። ይሄን ለደንበኛ እንደ ካታሎግ "የትኛዋ ትሻላለች?" ብሎ መላክ እኔ በጣም ነው የሚያስጠላኝ። ልጅቷ ሳትፈቅድ ፎቶዋ አይወጣም። ለዚህ ባህል ይበቃ ነበር፣ አሁን ሕግም አለ፦ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የሰው መረጃ በእጃችሁ ከያዛችሁ አንብቡት።

ደግሞ ጊዜው እገታ የሚወራበት ነው። ባለሀብት በየትኛው ቀን፣ በየትኛው መንገድ፣ ለማን ሽማግሌ እንደሚሄድ በስልክ አታውሩ። ለሹፌሩም የሚነገረው ጠዋት ነው።

በሌላ በኩል ስሙን እስከ መጨረሻው ደብቀው የሚሄዱ አሉ። እሱም አይሆንም። ልጅቷ "እሺ፣ ሰውየውን ልየው" ባለች ጊዜ ከማየቷ በፊት ስሙን ማወቅ መብቷ ነው። ከዝነኛ ጋር መቀመጥ የማትፈልግ ብዙ ሴት አለች።

ሽማግሌን በመኪና ብዛት መላክ

ሦስት ቪ ኤይት አሰልፎ፣ ከፊት ቪዲዮ የሚቀርጽ ልጅ አድርጎ፣ ሽማግሌዎቹን ከንግድ ሸሪኮቹ መርጦ የሚልክ ደንበኛ አለ። ይሄ ሲሆን አይቻለሁ። የልጅቷ አባት ጋቢያቸውን አጣፍተው በር ላይ ቆመው ነበር።

"ቤት ለእንግዳ። ተቀመጡ እንጂ።"

"የመጣንበትን ሳይሰሙን አንቀመጥም።"

"እኮ ምንድን ነው የመጣችሁበት?"

"ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ነው።"

"ማነው ልጃችሁ?"

እስከዚህ ደህና ነበር። እዚህ ላይ አንዱ ሽማግሌ ስልኩን አውጥቶ ክሊፕ ከፈተ። "ይሄ ነው፣ ያውቁታል፣ አገር ያወቀው ነው።" አባትየው ስክሪኑን ትንሽ አዩና፣ "ዘፈኑንስ ልጆቹ ሲያዳምጡ ሰምቻለሁ። አባቱ ማነው?" አሉ። ከአራቱ አንድም የሚያውቅ የለም። "በሉ እንግዲህ፣ ደክማችኋል፣ ጠላ ቅመሱ" ተባሉ። ጠላው መጣ፣ ቀጠሮ ግን አልተሰጣቸውም። ቀጠሮ ሳይሰጥህ ከተሸኘህ የሱ ትርጉም ግልጽ ነው።

ሽማግሌ ሲመረጥ አንዱ በአባቱ ወገን የሆነ፣ በዚያ አካባቢ ስሙ የሚታወቅ ይሁን። አንድ ካህን ይኑር። ሸሪክ ካስፈለገ አንድ ይበቃል፣ እሱም ዝም የሚል ቢሆን ይመረጣል። መኪናው ራቅ ብሎ ይቁም፣ በእግር ይደረስ። ስልክ ይጠፋ። ውስኪ ይዞ መሄድ የሚባል ነገር የለም። ደግሞ ወፍራም ልበሱ፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ቆሞ የሚለምን ሽማግሌ ላይ አይራራም።

ልጅቷን መጨረሻ ላይ መጠየቅ

አባት እሺ፣ እናት እሺ፣ አጎት እሺ፣ ከዚያ "በሉ ለልጅቷም ንገሯት"። ይሄ ነገር ዛሬም አለ፣ ባለሀብት ሲመጣ ደግሞ ይብሳል፣ ምክንያቱም ቤተሰቡ በሙሉ ቤት ሲሠራ፣ ወንድም ሥራ ሲያገኝ ይታየዋል። ያለ ሁለቱ ፈቃድ ጋብቻ የለም፣ ሕጉም ይላል። ዕድሜውም አሥራ ስምንት ነው። "ልጅ እግር ፈልጉልኝ፣ አሥራ ስድስት አሥራ ሰባት" የሚል ደንበኛ በዚያው ቀን ይሰናበት፣ ስንት ፋብሪካ ይኑረው። ገጠር ላይ የልደት ወረቀት ከሌለ የትምህርት ቤት ካርዷን እዩ፣ የክርስትናዋን ዘመን እናቷን ጠይቁ። "አሥራ ስምንት ሞልቷታል" የሚለውን የአባት ቃል ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ።

ስትጠይቋት አባቷ ፊት አይሁን። እሷ አባቷ ፊት "እንዳላችሁ" ነው የምትለው። ታላቅ እህቷ ባለችበት፣ ቡና ላይ፣ ቀስ ብላችሁ። ደግሞ "ሀብታም ነው፣ ትፈልጊያለሽ?" አይደለም ጥያቄው። ሥራሽን ተዪ ቢልሽስ? ሌሊት ሌሊት ሥራ ያለው ሰው ነው፣ ትችዪዋለሽ? የሱ አድናቂዎች ኮሜንት ላይ ቢሰድቡሽ፣ ኮሌጅ የተነሳሽውን ፎቶ ቆፍረው ቢያወጡት? የዝነኛ ሚስት መሆን ይሄ አለበት። ቀድሞ ያልተነገራት ልጅ የመጀመሪያው ስድብ ቀን ወደ እናቷ ቤት ትመለሳለች፣ አልፈርድባትም።

ባለሀብቷ ሴት ስትሆን ግራ መጋባት

ሆቴል ያላት፣ የእህል ንግድ ያላት፣ በራሷ ጊዜ የቆመች ሴት ትመጣለች። አገናኞች ያኔ ዘዴው ይጠፋባቸዋል። ሴት ሽማግሌ አትልክም። ስለዚህ ሥራው ሌላ ነው፦ የወንዱ አክስት ጆሮ ላይ ነገሩን ጠብ ታደርጋላችሁ፣ አክስትየዋ ሐሳቡ የራሷ እስኪመስላት ትጠብቃላችሁ፣ ከዚያ ሽማግሌው ከወንዱ ወገን ይነሳል። ማንም አይወርድም። ወንዱ "እሷ እያለች እኔ ምን እሠራለሁ?" የሚል ከሆነ ግን አትግፉት። ሆቴሏን ደብቃችሁ የምታጋቡት ሰው ሆቴሉን ያየ ቀን ይቀየራል።

ሰርግ ላይ የሚከፈል ኮሚሽን

"ሰርጉ ሲሆን እከፍላችኋለሁ" ሲሏችሁ እሺ አትበሉ። ብሩ በሰርግ ላይ ከተንጠለጠለ ማየት የሚገባችሁን አታዩም። የሚያጠራጥር ነገር ስታገኙ "ይለፍ" ትላላችሁ። ውጭ አገር ለሀብታም የሚያገናኙ ሰዎች በአብዛኛው ውል ተፈራርመው፣ ለተወሰነ ጊዜ ወይም ለተወሰነ ትውውቅ፣ ቀድመው ነው የሚቀበሉት። ጥሩ ልማድ ነው። ለድካማችሁ ተከፈሉ፣ ተጋቡም አልተጋቡም።

ከልጅቷ ቤት አንድ ብር አትቀበሉ። ስጦታም። የጅሩ ሰንጋ ቢነዱላችሁም። ጥሎሽ የሚገዛውም እናንተ አይደላችሁም፤ ወርቁ ላይ አንድ ግራም ጎደለ ከተባለ መቼም አይጸዳላችሁም።

የንብረት ወሬ ነውር ነው ብሎ መዝለል

ባለሀብት ባለበት ይሄ ካልተነሳ በኋላ ይፈነዳል። በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ከጋብቻ በፊት የነበረ ንብረት የግል ሆኖ ሊቀጥል ይችላል፣ በትዳር ውስጥ የሚገባው ገቢ ግን የጋራ ነው፤ ደመወዝም፣ የንግድ ትርፍም። የተለየ ነገር ከፈለጉ የጋብቻ ውል አለ፣ በጽሑፍ ሆኖ በአራት ምስክር፣ ከያንዳንዱ ወገን ሁለት ሁለት። ክልሉ የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስላለው ጠበቃ ያማክሩ። የእናንተ ሥራ ውሉን መጻፍ አይደለም። ውል እንደሚኖር ልጅቷም ቤተሰቧም ከቀለበት በፊት እንዲያውቁ ማድረግ ነው። የሰርጉ ሳምንት ወረቀት ዘርግቶ "ፈርሚ" ማለት ሽፍትነት ነው።

ቀኑን በአውሮፕላን ትኬት መቁረጥ

"ሦስት ሳምንት ፈቃድ አለኝ፣ በዚያ ውስጥ ጨርሱልኝ።" የዳያስፖራ ነገር። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል፣ እስከ ገና ሰርግ የለም። ከጥምቀት በኋላ ያለው ጊዜ ደግሞ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ነው፣ እሱም በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ በ2017 የካቲት 17 ነበር የገባው። ካለፈ እስከ ፋሲካ ሃምሳ አምስት ቀን ነው። ትኬት ከመቆረጡ በፊት ባሕረ ሐሳብ፣ የቤተ ክርስቲያኑ የጾምና የበዓል ቀመር፣ ይታይ።

ከአሜሪካ ለሚመጣው ሌላ ጥያቄ አለ፦ ዜጋ ነህ ወይስ ግሪን ካርድ ነው ያለህ? የእጮኛ ቪዛ የሚባለውን ማመልከት የሚችለው ዜጋ ብቻ ነው። ካገኘችውም እዚያ በገባች በ90 ቀን ውስጥ መጋባት አለባቸው። "በሁለት ወር ትሄጂያለሽ" ተብላ ሥራዋን ለቃ ዓመት ሙሉ ቁጭ ያለች ልጅ አውቃለሁ። ሰፈሩ ደግሞ ዝም አይልም።

ከሰርጉ በኋላ መጥፋት

ቅልቅሉ አለቀ፣ ብሩ ገባ፣ ቁጥር ተቀየረ። እንዲህ የሚያደርግ ሰው በዚህ አካባቢ ሁለተኛ ሥራ አያገኝም። በየጊዜው ደውሉ። ለእሱ ብቻ ሳይሆን ለእሷም፣ ለእናቷም። ጠብ ሲነሳ ዜናው ከፌስቡክ በፊት እናንተ ጋ ይድረስ።

ሰርጉ ቀን ቲክቶክ አትሥሩ። "ይሄን ጥንድ ያገናኘሁት እኔ ነኝ" የሚል ቪዲዮ ቀጣዩን ደንበኛ ያባርራል፣ ባለሀብት የሚፈልገው አፉ የተዘጋ ሰው ነው። ከተጠራችሁ ሂዱ፣ ጠላውን ጠጡ፣ ሥጋውን ብሉ። ማይክ ከሰጧችሁ ለሚዜው አቀብሉት።